ንጉሡ ራሳቸውን የነቀነቁለት ሰው

ኤስበን ከረግረጉ የቆረጠውን፣ ደርቆ የሚነድ የማገዶ አፈር በእጅ ጋሪ እየገፋ ሲመለስ፣ በድንጋዩ ካብ አጠገብ የወንድሙን ልጅ ቦዲልን ድንገት አገኛት። ዕለቱ ሰኞ ነው፤ ሰዓቱም ገና ከቀትር በፊት። ቦዲል በባለርስቱ በቢርከዳል ግቢ የወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። በዚህ ሰዓት ምድጃ ዳር መሆን የሚገባት ልጅ አንድ ነገር በሻሏ ሥር አቅፋ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ በጭቃው መንገድ ስትመጣ ማየት ለሽማግሌው ደግ ምልክት አልሆነለትም።

«አባረሩሽ?» አላት ጋሪውን ሳያቆም።

«ገና ናቸው። እስከ እራት ድረስ ግን አይቀርልኝም።»

ኤስበን ጋሪውን አቆመ። ይህችን ልጅ እናትና አባቷ በአንድ ክረምት ሲሞቱባት እሱና ሟች ሚስቱ ናቸው ያሳደጓት። የመንደሩ ትምህርት ቤት ያላጠገባትን ንባብ የቄሱ ሚስት ሁለት ክረምት ጨምራላታለች፤ እስከ ዛሬም ያነበበችውን ጋዜጣ ሁሉ ለቦዲል ታሳልፍላታለች። ኤስበን ይህን ነገር ወዶት አያውቅም። ቢሆንም ልጅቷ ቁም ነገር ሳይኖራት እሳት ላይ የተጣደ ድስት ጥላ እንደማትሮጥ ያውቃል፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ ምን እንደሆነች ጠየቃት።

«መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ነገ ይሄዳሉ?» አለችው።

የነገውን ነገር ኮፐንሃገን ባለችበት በሼላንድ ደሴት የማያውቅ ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1849፣ በበጋው መግቢያ ላይ ንጉሡ ሕገ መንግሥቱን ፈርመዋል፤ አሁን ክረምቱ ገብቷል፤ ነገ ማክሰኞ ደግሞ በሕጉ መሠረት ሕዝቡ እንደራሴውን የሚመርጥበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ምርጫው በወረዳው ከተማ አደባባይ ይደረጋል። የተወዳዳሪው ስም ይጠራል፤ የወደደው ሰው ሁሉ በጠራራ ብርሃን፣ ጎረቤቱም ጌታውም እያየው እጁን ያነሣል። ለቢርከዳል ጭሰኞች መከራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የባለርስቱ የሚስት ወንድም ባሮን ነው፤ ሌላው ኢቨር የሚባል የጎረቤት ደብር ሸማኔ።

ቅዳሜ ዕለት የግቢው ሹም ሆልስት በየጭሰኛው በር እየዞረ ተናግሯል። ግቢው በፈረስ የሚሳብ ፉርጎ ያዘጋጃል፤ ጭሰኞቹ ሁሉ በዚያ ተሳፍረው ይሄዳሉ፤ ከባለርስቱ ሠረገላ አጠገብ ይቆማሉ፤ የባሮኑ ስም ሲጠራ እጃቸውን ያነሣሉ። ከኤስበን ደጃፍ ሲደርስ ሆልስት ጣሪያውን ቀና ብሎ አይቶ፣ «ክዳኑን አሳምረኸዋል፤ ቤቱ የማን እንደሆነ ግን እንዳትረሳ» ብሎት ነበር የሄደው። የዚያ አገር ትንሽ ጭሰኛ ቤቱን በገዛ እጁ ቢሠራውም ባለርስቱ በጸደይ ውጣ ካለው ይወጣል። ኤስበን ስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ከዚያ ቤት ሌላ መሄጃ የለውም።

«ነገ ሆዴን ያመኛል» አለ ኤስበን።

«ከዛሬ ጀምረው ያውቁታል?»

«ልጄ፣ በኔ ዕድሜ ሆድ አስቀድሞ ይናገራል። ለባሮኑ እጄን አላነሣም፤ ለሸማኔው ብዬም ቤቴን አላፈርስም። እጄ እኪሴ ውስጥ ሞቆት ይዋል።»

ቦዲል ሳቀች። ከዚያም ቤት ገብተው እንዲነጋገሩ ለመነችው። ጋሪውን ተጋግዘው እየገፉ በካቡ ጥግ ጥግ ሄዱ። ያ ካብ አራት መቶ እርምጃ ይረዝማል። ድንጋዩን አንድ በአንድ ከመሬቱ ሆድ ፈልፍሎ አውጥቶ የካበው ኤስበን ራሱ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶበታል። መሬቱ ለምቶ አጃ ሊያበቅል ሲል የቀድሞው ባለርስት፣ የዛሬው አባት፣ ካቡን የግቢው ወሰን አድርጎ መሬቱን ወሰደው። ለኤስበን የቀረችው ቤቷና ከጓሮዋ ያለች ጎመን መትከያ ናት። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በገዛ ካቡ ሥር በውጭ በኩል ሲመላለስ ኖሯል።

ቤት እንደገቡ ቦዲል ከሻሏ ሥር ያወጣችውን ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አፉ በወረቀት ተሸፍኖ በሲባጎ የታሰረ፣ የተቀቀለ ፕሪም የሞላበት የሸክላ ማሰሮ ነበር። ኤስበን ማሰሮውን አየ፤ ልጅቷን አየ።

«ሌብነትም ጋዜጣው ውስጥ አለ እንዴ?»

«ይቆዩኝ፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ እርስዎ የሚሉትን ልስማ። ለሸማኔው እጅ የማያነሡት ቤቱን ፈርተው ብቻ አይደለም፤ ሌላ ነገር አለዎት።»

በእርግጥም ነበረው። ኤስበን ፈሪ ተብሎ እንዳይቀር ነገሩን ከሥሩ ጀመረላት። እሱ የንጉሥ ሰው ነው። ንጉሥ ማለት ለሱ አባት ነው፤ አባት ደግሞ ልጆቹ በጻፉለት ወረቀት አይታዘዝም። ባለፈው ዓመት የኮፐንሃገን ነጋዴና ተማሪ ተሰብስቦ ወደ ቤተ መንግሥቱ የሄደው ደግ ሰው ይዞ እጁን ለማሰር ነው። ንጉሡ ፈረሙ፤ እሺ፤ የጨዋ ነገር ሆኖባቸው ነው። ነገር ግን ከዛሬ ወዲያ ድሃ የተበደለ እንደሆነ ለማን ይጮኻል? ለሸማኔ? እንዲህ እያለ ከተናገረ በኋላ፣ በመንደሩ ሕፃን ሳይቀር በቃሉ ወደሚያውቀው ታሪኩ ገባ።

«እኔ ንጉሥ አይቻለሁ። መሬቴን ሲወስዱብኝ በመምህሩ እጅ አቤቱታ አስጽፌ፣ ሦስት ቀን በእግሬ ሄጄ፣ በሰልፉ ቆሜ ለንጉሡ በእጃቸው ሰጥቻለሁ። ተቀበሉኝ። በእንጨት ጫማዬ አላፈሩብኝም። ዓይኔን አይተው፣ እሺ በሚል አኳኋን ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ሸማኔሽ እንዲህ ያደርግልኛል?»

«መልሱ ምን ሆነ?»

«መልሱንማ ታውቂዋለሽ። ‹ልመናህ ተቀባይነት አላገኘም› የሚል አንድ መስመር መጣ። ይህ የንጉሡ ቃል አይደለም። በዙሪያቸው ያሉት ጸሐፊዎች ወረቀቴን ደብቀውባቸዋል። ንጉሡ ቢያውቁ ኖሮ ካቡ ዛሬ በኔ በኩል ነበር።»

ያ ንጉሥ ከሞቱ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል፤ አሁን ያሉት ከእሳቸው ወዲህ ሁለተኛው ናቸው። የኤስበን እምነት ግን ከዙፋኑ ጋር እየተላለፈ እስከ ዛሬ ደርሷል። በሱ ዘመን ከነበሩት ገበሬዎች ሁሉ ይህን ስሕተት ያልተሳሳተ ጥቂት ነው። ሰው ደግ ጌታ ያየ ቀን ፍርድ ያገኘ ይመስለዋል፤ ፍርዱ ሲቀርበት ደግሞ ጌታውን ላለመውቀስ በመካከል አንድ ክፉ ጸሐፊ ፈጥሮ በሱ ላይ ያሳብባል። ይህ የልብ ደግነት እንጂ ሞኝነት አይደለም፤ የተጎዳው ሰው ግን ያው ተጎድቶ ይቀራል።

ቦዲል አጃ ዳቦውን ቆርሳ ስብ ቀባችበትና ከፊቱ አኖረችለት፤ ከዚያም በአክብሮት፣ ግን ቃሏን ሳታለዝብ ጀመረች።

«አጎቴ፣ የንጉሡን እጅ አሰሩት አሉ። እንግሊዞች የንጉሣቸውን እጅ ካሰሩ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ዛሬ ያለችው ንግሥት ዙፋኗ ላይ ተቀምጣ ልጅ ታሳድጋለች። ማን ነካት? ኖርዌዎች በእርስዎ ዘመን ከእኛ ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ነበሩ፤ ሲለዩ ሕጋቸውን ጻፉ። ንጉሣቸው እንቢ ቢል፣ ሦስት ተከታታይ ምክር ቤት ያንኑ ነገር ከወሰነ፣ ያለ እሱ እሺታ ሕግ ይሆናል። ቤልጂጎች ደግሞ ከሁሉ ይብሳሉ፤ መጀመሪያ ሕጉን ጽፈው ጨረሱና ከዚያ የሚቀመጥበት ንጉሥ ፈለጉ።»

«እንደ ኮርቻ በልክ አሠርተው ፈረስ ፍለጋ ወጡ በይኛ» አለ ኤስበን።

«ፈረሱም ተገኘ፤ ዛሬም ጥሩ ይሄዳል።»

«ፈረንሳዮችስ? የነሱን አልነገርሽኝም። አንዱን አንገቱን ቆረጡት፤ ሌላውን አምና አባረሩት። የወረቀት ነገር መጨረሻው ይኸው ነው።»

«አይ፣ የወረቀት ነገር አይደለም። ሁሉን ማድረግ የሚችል ሰው በሁሉም ይወቀሳል። ዝናቡ ቢቀር ‹ንጉሡ›፣ ዳቦው ቢጠፋ ‹ንጉሡ›፤ በመጨረሻ አንገቱ ላይ ይመጣሉ። በእኛ ሕግ ግን ሚኒስትር አብሮ ካልፈረመ የንጉሡ ፊርማ አይጸናም፤ የፈረመውም ሚኒስትር ይጠየቃል። ንጉሡ በክብራቸው ይቀመጣሉ፤ ያጠፋው ሰው በስሙ ይጠራል። ታዲያ ንጉሥ የሚወደው ማን ነው? አንገታቸውን የሚያተርፍላቸው ወይስ ሁሉን ጭኖ የሚያስወቅሳቸው?»

ኤስበን ዳቦውን አኘከ። ነገሯ ገብቶታል፤ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት የያዘውን እምነት በአንድ ቁራሽ ዳቦ ሊለቅ አልፈለገም። የቄሱ ሚስት ጋዜጣ ራሷን እንዳዞረባት፣ ሴት ልጅ ስለ ቤልጂግ ከምታወራ ሾርባ ማማሰል እንደሚሻላት፣ ደግሞም ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንደሆነ ነገራት። የሱ ጉዳይ ቀላል ነው፤ ንጉሡ ደግ ነበሩ፣ ወረቀቱ አልደረሳቸውም፤ በቃ።

«ደርሷቸዋል» አለች ቦዲል።

ማሰሮውን ወደሱ ገፋችለት። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሆነውን ነገረችው። በግቢው በየዓመቱ ያረጀ የጽሕፈት ቤት ወረቀት ወደ ወጥ ቤት ይወርዳል፤ ወፍራምና ጥሩ ወረቀት ስለሆነ የማሰሮ አፍ ይታሰርበታል። ዛሬ ጠዋት እመቤቲቱ ፕሪም አምጪ ብላት ጓዳ ገባች፤ ከመደርደሪያው ሦስተኛውን ማሰሮ ስታነሣ በክዳኑ ላይ የአጎቷን ስም አነበበች።

«ወረቀቱን ብቻ ብወስድ ፕሪሙ ይሻግታል ብዬ ከነማሰሮው አመጣሁት» አለች፤ ድምፅዋ ግን መቀለድ አልቻለም።

ሲባጎውን ፈታችው። ወረቀቱ በአንድ ወገን የፕሪም ጭማቂ አቅልሞታል፤ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል። ኤስበን የታተመ ነገር ቀስ ብሎ ያነባል እንጂ የእጅ ጽሕፈት አይሆንለትም፤ ስለዚህ እሷ አነበበችለት። ላይኛው ከኮፐንሃገን የመጣ ደብዳቤ ነው። የኦስሬድ መንደር ጭሰኛ ኤስበን ያቀረበውን አቤቱታ ግርማዊነታቸው አይተው በደንብ እንዲመረመር ስላዘዙ፣ የቢርከዳል ባለርስት በጉዳዩ ላይ አስተያየታቸውን ጽፈው እንዲልኩ ይላል። ከሥሩ፣ በሌላ እጅ፣ የቀድሞው ባለርስት ያረቀቀው መልስ አለ፦ አመልካቹ ሰካራምና ጠበኛ ሰው ነው፤ መሬቱን ያቀናው የግቢው ጉልበት እንጂ እሱ አይደለም፤ የሱን ነገር ማመን ሌሎችን ጭሰኞች ማባለግ ይሆናል።

ኤስበን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ድንጋይ ወድቆባቸው ከታጠፉ ወዲህ አልተቃኑም። ኀፍረት ተሰማው፤ ምን እንዳሳፈረው ራሱም አላወቀም።

«የላይኛውን ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት።

«እንግዲያ ንጉሡ አልዋሹኝም።»

«አልዋሹም። ደግ ነበሩ፤ የነቀነቁልዎትን ፈጽመዋል። ክፉ ጸሐፊም አልነበረም። ደብዳቤው በሥርዓቱ ሄደ። ነገር ግን አጎቴ፣ ያ ሥርዓት የቀማዎትን ሰው ‹ቀምተሃል ወይ?› ብሎ ጠየቀ፤ እሱም አልቀማሁም አለ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። የንጉሡ ደግነት የሚወጣበት አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱም በተከሳሹ ደጅ የሚያልፍ። የዛሬው ንጉሥ ከመላእክት ቢበልጡ መንገዱ ያው ነው። እኛ ንጉሡን እንለውጥ አላልንም። መንገዱ ይለወጥ ነው ያልነው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ከፊቱ ገፋው። ከዚያ ቁጣው መጣ፤ የመጣው ግን በሟቹ ባለርስት ላይ ሳይሆን በልጅቷ ላይ ነበር። ቁጣ ከሁሉ አስቀድሞ ቅርብ ያለውን ይመታል። ምን ልታተርፍ አመጣችው? ሕጉ ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያ ይሆነዋል? ነገ እጁን ለሸማኔው ቢያነሣ ሆልስት በደብተሩ ይጽፈዋል፤ በጸደይ ሜዳ ላይ ነው። ምክር ቤቱ መጥቶ አልጋውን ይሸከምለታል?

«አይሸከምልዎትም» አለች ቦዲል። «ሊያስወጡዎት ይችላሉ። ያንን የሚከለክል ሕግ ገና የለም፤ አልዋሽዎትም። እኔም ዛሬ ማታ ሥራ የለኝም። ነገር ግን ነገ ባሮኑ ቢመረጥ ኮፐንሃገን ገብቶ የሚቀመጠው በእርስዎ ስም ነው። የጭሰኛ ቤት ነገር ሲነሣ ‹እኔን የላከኝ ኤስበን ነው፤ ጭሰኞቻችን ደስተኞች ናቸው› ይላል። ያን ጊዜ ሰካራም ነው ብለው ሲጽፉብዎት እርስዎ አያውቁም ነበር። ነገ ግን በገዛ እጅዎ ያስጽፉዎታል።»

«እቀራለሁ አልኩሽ እኮ።»

«የቀረ ሰው አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው የተነሣ እጅ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎት።» ተነሥታ ቆመች። «ያንን ሕግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ የራሱ ምድጃ ያለው ወንድ ይመርጣል ይላል። እኔን አይልም። ሠላሳ ቢሞላኝም፣ ስድሳ ቢሞላኝም አይልም። ነገ ወንዶቹ ከሚከለሉበት ገመድ ውጭ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አያለሁ። ሕጉን ያነበብኩት እኔ፣ እጁ ያለዎት እርስዎ። ኪስዎ ውስጥ ሞቆት ይዋል የሚሉት እጅ ለእኔ ቢሰጠኝ ኖሮ ቤት አይደለም ሌላም ይሂድ እል ነበር።»

ኤስበን ማንኪያ አንሥቶ ከማሰሮው ፕሪም አወጣና ዳቦው ላይ አደረገ፤ ለሷም አደረገላት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ መሬቱን ከወሰደበት ግቢ የደረሰው ፍሬ ይህ ብቻ መሆኑን አስቦ ይሆናል። ሁለቱም በሉ። ጣፋጭ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ከዝናብ ጋር የተቀላቀለ በረዶ ይጥል ነበር። የግቢው ፉርጎ ከኤስበን ደጃፍ ቆሞ ጠበቀ፤ ኤስበን ግን አስቀድሞ በእግሩ ወጥቷል። ሁለት ሰዓት የሚያስኬደውን መንገድ በእንጨት ጫማው እየረገጠ ሄደ። ያን ጊዜም ወደ ንጉሡ በእግሩ እንደሄደ ለራሱ አስታወሰ፤ ያን ጊዜ ግን በየመንገዱ ጉልበቱን እንዴት እንደሚያጥፍ እየተለማመደ ነበር። ዛሬ የሚለማመደው ነገር አልነበረውም።

አደባባዩ ሞልቷል። በገመድ በተከለለው ውስጥ ወንዶቹ፣ በውጭ በዳቦ ጋጋሪው በር አካባቢ ሴቶቹና ልጃገረዶቹ ቆመዋል። ባሮኑ በመድረኩ ላይ በሚያምር ቋንቋ ስለ ቀድሞ ዘመን ፍቅር ተናገረ፤ ባለርስትና ገበሬ እንደ አንድ ቤተሰብ እንደነበሩ አነሣ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «እኛ የትኛው ክፍል ነበር የምንተኛው?» ብሎ ጠይቆ አደባባዩን አሳቀው። ሸማኔው ኢቨር አንደበቱ እንደ ባሮኑ አልተፈታም። በክረምት ከቤታቸው የወጡ ጭሰኞችን ቤተሰብ በስም እየጠራ ቆጠረ፤ ስማቸውን ሲጨርስ ወረደ።

የባሮኑ ስም ተጠራ። ከሠረገላው ዙሪያ እጆች ተነሡ፤ አንዳንዱ እስከ ጆሮው ድረስ ብቻ፣ አንዳንዱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ሆልስት በእርሳስ ይጽፋል። የኤስበን እጅ ኪሱ ውስጥ ነው። ሆልስት አየው፤ ጎረቤቶቹም አዩት። ሆዱን በእውነት አመመው።

ቀጥሎ የሸማኔው ስም ተጠራ።

ኤስበን ያነሣው ግራ እጁን ነበር፤ ሁለት ጣቶቹ የታጠፉትን። እስኪችል ድረስ ወደ ላይ ዘረጋው።

«ኤስበን፣ ተሳስተሃል» አለ ሆልስት ሁሉም እንዲሰማ። «የባሮኑ ስም አልፏል። እጅህን አውርድ።»

«ሠላሳ ዓመት ተሳስቼ ነበር» አለ ኤስበን። «ዛሬ አልተሳሳትኩም። ስሜን በደንብ ጻፈው፤ ሰካራም የሚለውን ግን አሁን አትጨምርበት፤ ሁሉም ያየኛል።»

ይህን ሲል ከሠረገላው አጠገብ የነበረ አንድ የቢርከዳል ጭሰኛ ቀስ ብሎ እጁን አነሣ። ከዚያ ሌላው። የምርጫው ሹም እጆቹን ቆጥሮ፣ ተጠራጥሮ፣ እንደገና ቆጠረ። በረዶው በሽማግሌው እጅጌ ውስጥ ገብቶ እስከ ብብቱ ይወርዳል። እጁን ግን አላወረደም። ከገመዱ ማዶ ቦዲልን አያት። ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ አጣጥፋ ታለቅሳለች በሚባል ፊት ሳይሆን በተቆጣ ፊት ታየዋለች። የሸማኔው እጆች በዝተው ተቆጠሩ፤ ኢቨርም እንደራሴ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ከግቢው ወረቀት መጣ። ኤስበን በጸደይ ቤቱን እንዲለቅ ያዝዛል። ይህን የምንደብቀው ነገር አይደለም፤ አዲስ ሕግ በወጣ ማግሥት አሮጌው ዓለም ተጠቅልሎ አይሄድም። ነገር ግን አንድ ነገር ተለውጧል፤ ትንሽ የሚመስለው ካለ ያ ሰው ለምኖ አያውቅም ማለት ነው። ከዚያ በፊት በዚያ አገር ሕግ የሚወጣው፣ ግብር የሚጣለው፣ ዳኛ የሚታዘዘው ከአንድ ሰው ፈቃድ ነበር፤ ያ ሰው ደግ ሲሆን ድሃው ያመሰግናል፣ ሲከፋ ድሃው ያለቅሳል። አሁን ሕግ የሚወጣው በንጉሡና በሕዝቡ እንደራሴዎች ነው፤ ግብር ያለ እነሱ ውሳኔ አይጣልም፤ ዳኛው በሕግ ብቻ ይፈርዳል፤ ገበሬ ተሰብስቦ ለመነጋገር ፖሊስ አያስፈቅድም። ኤስበን ሌላ ዘመን ቢሆን ወረቀቱን ይዞ ያለቅስ ነበር። ዛሬ ግን ኮቱን ለበሰ፤ አዲሱን ወረቀትና በፕሪም የቀላውን አሮጌውን ወረቀት አጣጥፎ ያዘና ኢቨር ወደ ኮፐንሃገን ሳይሄድበት ሊደርስበት ወደ ጎረቤት ደብር ገሰገሰ።

ሲመለስ ቦዲል ምድጃውን እያነደደች አገኛት። እሷን በዚያው ሰኞ አባረዋታል፤ አሁን ከሱ ጋር ናት።

«እንዴት ሆነ?» አለችው። «ነቀነቀልዎት?»

«አልነቀነቀልኝም» አለ ኤስበን የእንጨት ጫማውን እያወለቀ፤ ፊቱ ላይ ቦዲል አይታበት የማታውቀው ደስታ ነበር። «ተከራከረኝ እንጂ። አስቀመጠኝና መሬቱን ያቀናኸው አንተ መሆንህ በምን ይታወቃል አለኝ፤ ካቡን ና እይ አልኩት። ምስክር አለህ አለኝ፤ ሦስት ሰው ቆጠርኩለት፤ አንዱ ሞቷል ብሎ መለሰልኝ። የቤቱን ነገር ብቻዬን አልችለውም፤ ሌሎች እንደራሴዎችን ማሳመን አለብኝ፤ አንተም የተባረሩትን ሁሉ አሰባስብና አስፈርም አለኝ። እንቢ ብትልስ አልኩት። በሚቀጥለው ምርጫ እጅህን አታነሣልኝም አለኝ። ልጄ፣ ለንጉሡ ይህን ማለት አልችልም ነበር።»

«ስለዚህ ታሰባስባላችሁ።»

«እኔ እዞራለሁ፤ አንቺ ትጽፊያለሽ። ነገ ከካቡ ማዶ እንጀምራለን።»

ኮቱን ምስማር ላይ ሰቅሎ እሳቱ ዳር ተቀመጠ። ሊደብቃት ያሰበውን ነገር ግን መደበቅ አልቻለም።

«አንድ ሌላ ነገር ጠይቄው ነበር። ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ የወንድሜ ልጅ ናት፤ የሷ እጅ የሚቆጠረው መቼ ነው አልኩት።»

ቦዲል ማገዶውን እንደያዘች ቆመች። «ምን አለዎት?»

«እዚያ ላይ እንደ ንጉሡ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ አልተናገረም» አለ ኤስበን።

ልጅቷ ማገዶውን እሳቱ ውስጥ ጨመረችው። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ወረቀትና ቀለም ከመሳቢያው አወጣች።

«እንግዲያ የመጀመሪያውን አቤቱታ ዛሬውኑ እጽፋለሁ» አለች። «እኔ ሠላሳ ዓመት አልጠብቅም።»